መኪና የማይነዱት የመንገድ ሚኒስትር፦ የባርባራ ካስል ሕይወት

ባርባራ ካስል እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ዲሴምበር 23 ቀን 1965 የብሪታንያ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ መንጃ ፈቃድ አልነበራቸውም። መኪና መንዳት አይችሉም ነበር። በአገሪቱ ታሪክ ይህን ወንበር የያዙ የመጀመሪያዋ ሴትም ነበሩ። ሁለቱ ነገሮች ተደምረው ለጋዜጦች የመሳለቂያ፣ ለተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ የመከራከሪያ ሰበብ ሆኑ።

በሚኒስቴሩ የቆዩት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች አጭር ጊዜ ያጸኗቸው ደንቦች፣ ማለትም የፍጥነት መንገዶች የፍጥነት ገደብ፣ ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው የሚለካበት ሕግ፣ በአዳዲስ መኪኖች የሚገጠመው የመቀመጫ ቀበቶ እና የጭነት መኪና ሾፌሮች የሥራ ሰዓት፣ ዛሬም ድረስ የብሪታንያን መንገዶች ይገዛሉ።

የፍጥነት ገደቡን ነገር ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የብሪታንያ የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ በሰሜን እንግሊዝ የፕሬስተን ከተማን በጎን የሚያልፈው፣ ርዝመቱ 8 ማይል ገደማ የሆነው መንገድ ሲሆን በ1958 ማብቂያ ላይ ተከፈተ። በዓመቱ ከለንደን አቅራቢያ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ኤም 1 ተከተለ። በእነዚህ መንገዶች ላይ የፍጥነት ገደብ የሚባል ነገር አልነበረም። በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል የብረት መከለያ አልቆመም፤ የመንገድ መብራትም አልተዘረጋም። በጊዜው የነበሩት አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ለከተማና ለጠባብ የገጠር መንገድ የተሠሩ ስለነበሩ፣ ነጂው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ሞተራቸው እየጋለ ዳር ይዘው መቆማቸው የተለመደ ነበር። መንገዱን መርቀው የከፈቱት የያኔው የትራንስፖርት ሚኒስትር ኧርነስት ማርፕልስ ሳይቀሩ በመጀመሪያው ቀን የተመለከቱት አነዳድ አስደንግጧቸዋል።

በጁን 1964 ኤሲ የተባለው የመኪና ኩባንያ ለፈረንሳዩ የሌማን ውድድር ያዘጋጀውን መኪና ለመሞከር ጎሕ ሳይቀድ ኤም 1 ላይ አወጣው። መሪውን የያዘው እሽቅድድም ነጂው ጃክ ሲርስ ነበር። መኪናው በሰዓት 185 ማይል፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ 298 ገደማ በረረ። ወሬው ሲሰማ አገር ጉድ አለ፤ ነገር ግን የተጣሰ ሕግ አልነበረም። ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ የፍጥነት ገደቡ የመጣው በዚህ መኪና ምክንያት ነው ብለው ያምናሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። በ1965 የበልግ ወራት በጉም በተሸፈኑ የፍጥነት መንገዶች ላይ በርካታ መኪኖች እየተከታተሉ ተላተሙ፤ ሰዎችም ሞቱ። ከካስል በፊት ሚኒስትር የነበሩት ቶም ፍሬዘር በሰዓት የ70 ማይል፣ ማለትም የ112 ኪሎ ሜትር ጊዜያዊ ገደብ ደነገጉ። ገደቡ ለአራት ወር ሙከራ የታሰበ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ዲሴምበር 22 ቀን 1965 ነው። በማግስቱ ፍሬዘር ተነሡ፤ ባርባራ ካስል ተተኩ።

እንግዲህ አዲሲቷ ሚኒስትር የተረከቡት ገና አንድ ቀን የሆነውንና በአሽከርካሪዎች ዘንድ እጅግ የተጠላውን ደንብ ነበር። በአራት ወሩ ማብቂያ ላይ ዝም ብለው ቢተዉት ማንም ባልወቀሳቸው። የመኪና አምራቾች ገደቡ ኢንዱስትሪያቸውን ይጎዳል አሉ። ሌሎች ደግሞ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ሲሄድ መኪኖች ተጠጋግተው አደጋ ይበዛል ሲሉ ተከራከሩ። ካስል ግን ሙከራውን በሚያዝያ ወር 1966 አራዘሙት፤ ቆይተውም እንደገና አራዘሙት። የመንግሥት የመንገድ ምርምር ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ከገደቡ በፊትና በኋላ የደረሱትን አደጋዎች እንዲያነጻጽሩም ጠበቁ። ጥናቱ በፍጥነት መንገዶች ላይ ጉዳቱ መቀነሱን ሲያሳይ በ1967 ገደቡን ቋሚ አደረጉት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባርባራ ካስል ሌላ ስም ነበራቸው። ስሙ ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር የተያያዘ ነው።

ባርባራ አን ቤትስ የተወለዱት ኦክቶበር 6 ቀን 1910 በእንግሊዟ ቼስተርፊልድ ሲሆን ያደጉት በዮርክሸር፣ በኋላም በብራድፈርድ ከተማ ነው። አባታቸው ፍራንክ ቤትስ የግብር ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ቤታቸው መጻሕፍትና የሶሻሊስት ክርክር የማይጠፋበት ነበር። ባርባራ በኦክስፈርድ ዩኒቨርሲቲ ሴንት ሂውስ ኮሌጅ ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ አጠኑ፤ በውጤታቸው ግን የሚኩራሩ አልነበሩም፤ ያገኙት ሦስተኛ ማዕረግ ነበር። ከዚያ ጋዜጠኛ ሆኑ። በ1944 የጋዜጣ ሰው የሆነውን ቴድ ካስልን አገቡ፤ በተከታዩ ዓመት በተካሄደው ምርጫ የሌበር ፓርቲ እጩ ሆነው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ከሆነችው ብላክበርን ወደ ፓርላማ ገቡ። ያን መቀመጫ ለ34 ዓመታት አልለቀቁም።

በ1955 መገባደጃ ወደ ኬንያ ተጓዙ። ጊዜው በቅኝ ገዥው አስተዳደርና በማው ማው ንቅናቄ መካከል የነበረው ጦርነት የጋለበት፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያን በማጎሪያ ካምፖች የታጎሩበት ነበር። የካስል ጉዞ ዋና ምክንያት ካማው ኪቺና የተባለ እስረኛ ጉዳይ ነው። ሰውየው በስርቆት ተጠርጥሮ ተይዞ በፖሊስ ጣቢያ በደረሰበት ድብደባ ሕይወቱ አልፏል፤ በድርጊቱ የተሳተፉት ነጭ መኮንኖች ግን የተቀጡት በቀላል ቅጣት ነበር። ካስል መዝገቦችን አገላበጡ፣ ባለሥልጣናትን ጠየቁ፤ ለንደን ሲመለሱም ያዩትን በጋዜጣና በፓርላማ አወጡት። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ሰዎች ወዲያውኑ ጠመዷቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ በጣና ወንዝ አቅራቢያ በሚገኘው የሆላ ካምፕ 11 እስረኞች ሞቱ። አስተዳደሩ መጀመሪያ ያወጣው መግለጫ አሟሟታቸውን ከጠጡት ውሃ ጋር ያያያዘ ነበር። እውነቱ ግን እስረኞቹ የግዳጅ ሥራ አንሠራም በማለታቸው በጠባቂዎች ዱላ ተቀጥቅጠው መሞታቸው ነው። ባርባራ ካስል ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደረደሩ ጉዳዩ እንዳይዳፈን ካደረጉት የፓርላማ አባላት ግንባር ቀደሟ ነበሩ። በጁላይ 1959 ስለ ሆላ በተካሄደውና ከእኩለ ሌሊት በኋላም በዘለቀው ክርክር ከገዥው ፓርቲ መካከል እንኳ መንግሥትን አምርረው የወቀሱ ተገኙ። ስለዚህ ናይሮቢ ውስጥ ታሪክ የሚያነብ ሰው የባርባራ ካስልን ስም ቢያውቅ፣ የሚያውቀው ከመንገድ ሕግ ጋር ላይሆን ይችላል።

ሌበር በ1964 ምርጫውን ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን አዲስ የተቋቋመውን የባሕር ማዶ ልማት ሚኒስቴር ሰጧቸው። በብሪታንያ ታሪክ ካቢኔ የገቡ አራተኛዋ ሴት ሆኑ። ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ነው ዊልሰን ወደ ትራንስፖርት ያዛወሯቸው።

በዚያ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ የጠበቃቸው ቁጥር ቀላል አልነበረም። በ1966 በብሪታንያ መንገዶች 7,985 ሰዎች ሞቱ። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ያን ያህል ሰው በመንገድ ላይ የሞተበት ዓመት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። የሕክምና ባለሙያዎች መጠጥ ለአደጋው ትልቅ ድርሻ እንዳለው ለዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል። ጠጥቶ መንዳት ድሮም ወንጀል ነበር። ችግሩ ማረጋገጫው ነው። ፖሊስ የጠረጠረውን ሾፌር ጣቢያ ወስዶ በቀጥታ መስመር ላይ እንዲራመድ፣ ምላስ የሚያስተሳስር ዓረፍተ ነገር እንዲደግም ያደርገው ነበር፤ ሐኪምም ያየዋል። ከዚያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ዳኝነት የሚሰጡት ተራ ዜጎች ራሳቸው ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤት አምሽተው ወደ ቤታቸው የሚነዱ ስለሆኑ በተከሳሹ ቦታ ራሳቸውን እያዩ በነጻ ያሰናብቱታል።

የካስል ሕግ ይህን ሁሉ በቁጥር ተካው። በ1967 የወጣው የመንገድ ደኅንነት አዋጅ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል የተገኘበት ሾፌር ቢንገዳገድም ባይንገዳገድም ጥፋተኛ ነው አለ። ምርመራው የሚጀመረው በመንገድ ዳር ነው። ፖሊሱ ቢጫ ክሪስታል ያለበት ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ከፕላስቲክ ከረጢት ጋር አገናኝቶ ለሾፌሩ ይሰጠዋል፤ ሾፌሩ ይነፋል። ክሪስታሉ ከምልክቱ አልፎ አረንጓዴ ከሆነ ጣቢያ ይወሰድና ደሙ ወይም ሽንቱ ይመረመራል። ከገደቡ ካለፈ መንጃ ፈቃዱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይነጠቃል።

ካስል የፈለጉት ፖሊስ ማንኛውንም ሾፌር በማንኛውም ጊዜ አስቁሞ እንዲመረምር ነበር። ይህን ግን ማሳለፍ አልቻሉም። የሥራ ባልደረቦቻቸው የሕዝቡን ቁጣ ፈሩ፤ እንዲህ ያለው ሥልጣን ለፖሊስ መሰጠት የለበትም የሚሉ የነጻነት ተሟጋቾችም ነበሩ። በመጨረሻ ፖሊስ መመርመር የሚችለው ሾፌሩ አደጋ ካደረሰ፣ የትራፊክ ደንብ ከጣሰ ወይም መጠጣቱን የሚያስጠረጥር ምክንያት ካለ ብቻ ነው ተባለ። የተቃዋሚዎቹ ስጋት ዝም ብሎ የሚናቅ አልነበረም። በኬንያ የፖሊስን ሥልጣን ያለ ልክ መጠቀም ባጋለጡ ሴት ላይ ይህ ጥያቄ መነሣቱም ሳያስገርም አይቀርም። በእሳቸው ዓይን ግን አንዱ ጠጥቶ የመንዳት ነጻነቱ የሌላውን በሕይወት የመድረስ መብት የሚወስድ ከሆነ ክርክሩ ያበቃል።

አዋጁ በኦክቶበር 1967 ሥራ ላይ ሲውል ውግዘቱ ጎርፍ ሆነ። የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ገበያችን ሞተ አሉ፤ በተለይ ደንበኛው ያለ መኪና ሊደርስባቸው የማይችል የገጠር መጠጥ ቤቶች ጮኹ። ለሚኒስትሯ የግድያ ዛቻ የያዙ ደብዳቤዎች ይደርሷቸው ጀመር። አንድ የራዲዮ ጋዜጠኛ ሴት መሆናቸውንና መኪና አለመንዳታቸውን ጠቅሶ ስለ ጉዳዩ ምን ሊያውቁ እንደሚችሉ በአየር ላይ ጠይቋቸዋል። ለሕጉ ግን ሾፌር መሆን አያስፈልግም ነበር። እግረኛም፣ ብስክሌት ነጂም፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሕጻንም መንገዱን ይጋራሉ፤ ብዙ ጊዜም ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው።

ውጤቱ ለመታየት ዓመት አልፈጀም። ሕጉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት የሟቾች ቁጥር ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ከ1,100 በላይ ቀነሰ። ለውጡ ይበልጥ የታየው መጠጥ ቤቶች በሚዘጉባቸው የምሽት ሰዓታት ነበር። የዓመታዊው ሟቾች ቁጥር በ1966 ከነበረበት 7,985 በ1968 ወደ 6,810 ወረደ። ኋላ ላይ ሾፌሮች የመያዝ ዕድላቸው እንዳሰቡት ከፍተኛ አለመሆኑን ሲረዱ የፍርሃቱ ኃይል ላላ፤ የምርመራው መሣሪያና የፖሊስ አሠራርም እየተሻሻለ ሄደ። የ80 ሚሊ ግራሙ ልክ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቀ። ስኮትላንድ በ2014 ወደ 50 ዝቅ አድርጋዋለች።

የመቀመጫ ቀበቶውም ነገር በእሳቸው ዘመን ነው ሕግ የሆነው። አዳዲስ መኪኖች ከፊት ወንበር ቀበቶ ሳይገጠምላቸው እንዳይሸጡ ተደነገገ። ተሳፋሪው ቀበቶውን እንዲያስር የሚያስገድደው ሕግ ግን የመጣው በ1983 ነው። በመካከሉ ባሉት 15 ዓመታት ብዙ ሰዎች ቀበቶው ከጎናቸው ተንጠልጥሎ ሞተዋል።

በጭነት መኪኖች በኩል የገጠማቸው ተቃውሞ ደግሞ ከራሳቸው ወገን የመጣ ነበር። በ1968ቱ የትራንስፖርት አዋጅ የጭነት መኪና ሾፌር በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ገደቡ፤ የተነዳበትን ሰዓትና ፍጥነት በወረቀት ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ታኮግራፍ፣ እንዲገጠምም የሚፈቅድ አንቀጽ አስገቡ። ሌበር የሠራተኞች ፓርቲ ነው፤ የሾፌሮች ማኅበር ደግሞ መሣሪያውን በጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰላይ አድርጎ ቆጠረው። ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሾፌር ሰዓቱ ሲቀነስ ገቢውም እንደሚቀንስ ማሰቡ አይፈረድበትም። ቀጣዮቹ መንግሥታት መሣሪያውን አስገዳጅ ሳያደርጉት ዓመታት አለፉ፤ ብሪታንያ በመጨረሻ እጇን የሰጠችው በ1979 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከፈረደባት በኋላ ነው። በባቡር መስመሮች ረገድ የካስል ታሪክ ያን ያህል አያኮራም፤ ለማኅበረሰቡ ይጠቅማሉ ላሏቸው መስመሮች የመንግሥት ድጎማ ቢያስገኙም ብዙ መስመሮች እንዲዘጉ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው።

የ70 ማይሉ ገደብ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲተያይ መካከለኛ ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ጊዜ በፍጥነት መንገዶቿ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ብትደነግግም ገደቡ ከጥቂት ወራት በላይ አልዘለቀም፤ ትልቁ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ያካሄደው ዘመቻ ተሳካና 130 ኪሎ ሜትር የምክር ፍጥነት ብቻ ሆኖ ቀረ። በሰፊ የመንገድ ክፍሎች ላይ እስከ አሁንም እንዲያው ነው። ፈረንሳይና ጣሊያን 130ን ሕግ አደረጉ፤ ፖላንድና ቡልጋሪያ 140 ይፈቅዳሉ። ኔዘርላንድስ በተቃራኒው በ2020 የአየር ብክለትን ለመቀነስ የቀኑን ገደብ ወደ 100 አወረደች። አሜሪካ በ1974 ነዳጅ ለመቆጠብ በመላ አገሪቱ 55 ማይል ደንግጋ ነበር፤ በ1995 ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ ለግዛቶች መለሰች። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ሾፌሮች በሚሠሩበት በአቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር የሚፈቀድባቸው አውራ ጎዳናዎች አሉ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፍጥነት መንገዷን ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የከፈተችው በ2014 ሲሆን የተነደፈውም በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ጉዞ ነው።

ካስል በ1955 በተጓዙባት ኬንያም ከታኮግራፉ ጠብ ጋር የሚመሳሰል ነገር ደርሷል። በ2004 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ማታቱዎች ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ የሚያግድ መሣሪያና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ቀበቶ እንዲገጠምላቸው ሲያዙ ባለንብረቶችና ሾፌሮች አድማ መቱ። ሚኒስትሩ አልተበገሩም፤ ደንቡም በእሳቸው ስም ይጠራ ጀመር። ይሁንና መሣሪያውን መግጠም አንድ ነገር ነው፤ በየጋራዡ እንዳይነቀል መጠበቅ ሌላ።

ባርባራ ካስል በኤፕሪል 1968 ከትራንስፖርት ተነሥተው የሥራ ስምሪት ሚኒስትር ሆኑ። እዚያም ዕረፍት አላገኙም። በዳገናም የፎርድ ፋብሪካ የወንበር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ሥራ ባቆሙ ጊዜ አነጋገሯቸው፤ በ1970 ሴቶች ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲያገኙ የሚደነግገውን አዋጅ አሳለፉ። የሠራተኛ ማኅበራትን አድማ በሕግ ለመግራት ያቀረቡት ዕቅድ ግን በገዛ ፓርቲያቸው ተቃውሞ ወደቀ፤ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሊያደርሳቸው ይችል የነበረውንም መንገድ ዘጋው። በ1976 ጄምስ ካላሃን ሥልጣን ሲይዙ ከካቢኔ አሰናበቷቸው። ከዚያ ለአሥር ዓመት በአውሮፓ ፓርላማ አገለገሉ፤ በ1990 የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኑ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም ለጡረተኞች መብት ሲከራከሩ ቆይተው ሜይ 3 ቀን 2002 በ91 ዓመታቸው አረፉ።

ከሞታቸው ዘጠኝ ዓመት በኋላ የብሪታንያ መንግሥት የፍጥነት መንገዶችን ገደብ ወደ 80 ማይል ከፍ ለማድረግ አስቦ ነበር። የዘመኑ መኪኖች ፍሬን ከ1965ቱ ጋር አይወዳደርም የሚል ክርክር ቀረበ። ዕቅዱ ብዙ ሳይራመድ ተተወ፤ ገደቡም 70 ማይል ሆኖ ቀጠለ። በብሪታንያ ዛሬ በመንገድ አደጋ በዓመት የሚሞቱት ሰዎች 1,600 ገደማ ናቸው፤ የተሽከርካሪው ብዛት ግን ከ1966ቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል።

በ2021 የብላክበርን ከተማ በአደባባይዋ ላይ የባርባራ ካስልን የነሐስ ሐውልት አቆመች። ሐውልቱ እየተራመዱ ያሳያቸዋል። በእጃቸው የያዙት ሰነድ ግን ከመንገድ ሕጎቻቸው አንዱ አይደለም፤ የእኩል ደመወዙ አዋጅ ነው።